በጎልማሳነት ያረፉ ሰዎችን ስትዘክሩ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ታሪክ አስተምራለሁ፤ የትምህርት ቤቱን ሚኒ ሚዲያም አግዛለሁ። ልጆቹ የታዋቂ ሰው ሙት ዓመት ሲደርስ ጽሑፍ ይዘው ይመጣሉ። እኔ መጀመሪያ የማየው ዕድሜውን ነው። ሰውየው በ40ዎቹ ወይም በ50ዎቹ ያረፈ ከሆነ የጥቂት ዓመት ስሕተት ታሪኩን ያዛባዋል።

ሻምበል አበበ ቢቂላን እንውሰድ። ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ተወለደ፤ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. አረፈ። ዓመቱን ብቻ ከቀነሳችሁ 42 ይወጣል። ነሐሴ ግን ገና አልደረሰም ነበር፤ ስለዚህ 41 ነው። ከዚህ የባሰው ዘመን መደባለቅ ነው። ልደቱን ከአማርኛ መጽሐፍ፣ ሞቱን ከኢንተርኔት ወስዶ ከፈረንጆቹ 1973 ላይ 1924ን የቀነሰ ልጅ አበበን በ49 ዓመቱ ይቀብረዋል። መጀመሪያ ሁለቱንም ወደ እኛ አቆጣጠር መልሱ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ፈረንጆቹ በ7 ዓመት ይቀድሙናል፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ዓመቱ መጨረሻ በ8።

የልደት ቀን የማይገኝላቸውም አሉ። የእኛው የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1893 ዓ.ም. ሲያርፉ 50ን ጥቂት አልፈው ነበር። እዚህ ላይ «ገደማ» በሉና እለፉ፤ ቀን አትፍጠሩ።

ስለ አካባቢ ሰው ከሆነ ሽማግሌ ጠይቁ። «ስንት ዓመቱ ነበር?» ብትሉ የሚረባ መልስ አታገኙም። «ጣልያን ሲገባ ምን ይሠራ ነበር?» በሉ። «ጥጃ ይጠብቅ ነበር» ካሏችሁ በ1928 ዓ.ም. ስድስት ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። «እርፍ ጨብጦ ነበር» ካሏችሁ ጎረምሳ ነው። እናቶች ደግሞ የማን ልጅ እኩያ እንደሆነ አይረሱም።

አሁን የሠራውን ጻፉ። እዚህ ላይ አትሰስቱ። አበበ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ማራቶኑን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። ይህን ሁሉም ያውቃል። በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ሲደግመው ግን ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም ነበር። በ1961 ዓ.ም. የመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ካደረገው በኋላም ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ ቀስት ይወዳደር ነበር። ልጆቹ ሁሌም ይህን ይዘሉታል፤ እኔ ደግሞ ሁሌም አስመልሳቸዋለሁ።

የአሟሟቱ ነገር አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፦ የአደጋው መዘዝ፣ አንጎል ውስጥ ደም መፍሰስ። ሙሾ አያስፈልግም። ሠዓሊና ገጣሚው ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1973 ዓ.ም. 50 ሳይሞላው አሜሪካ ውስጥ አረፈ። ከስደቱ ከጀመራችሁ ሥዕሉን የሚያነሳ አይኖርም። ስለ ደብረ ኤልያሱ ዮፍታሔ ንጉሤም ስትጽፉ በ1939 ዓ.ም. ማረፋቸውን ለመጨረሻ አቆዩት፤ ከቅኔያቸው፣ ከቴአትራቸውና ለንጉሠ ነገሥቱ ዘመን መዝሙር ከጻፉት ግጥም ጀምሩ። ጎጃም ውስጥ ቅኔን ቸኩሎ ያለፈ ጽሑፍ ምን ይባላል እንግዲህ!

ጽሑፉ የሚነበበው ጠዋት ሰልፍ ላይ ነው፤ የጮቄ ብርድ አጥንት ይገባል። ከሦስት ደቂቃ አይብለጥ። አንባቢው ዓመተ ምሕረቶቹን ቀድሞ ጮክ ብሎ ይለማመድ፣ አለዚያ እዚያው ይደናቀፋል። ከኋላ ዋሽንት የምታስገቡ ከሆነም ድምፁን ቀነስ አድርጉት።