ቦርጭ፣ ስኳርና የኦቫሪ ካንሰር፦ መታረም ያለባቸው ስህተቶች

የሆድ መነፋትን ሁሉ ለጨጓራ መስጠት። ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ሁለት ሦስት ጉርሻ በልታ «ጠገብኩ» የምትል፣ ቀሚሷ ወገቧ ላይ እምቢ ያላት፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ የሚያጣድፋት ሴት ብዙ ጊዜ የጨጓራ መድኃኒት ይዛ ትመለሳለች። ወፈር ያለች ከሆነች ደግሞ «ቦርጭ ነው፣ ስፖርት ሥሪ» ትባላለች። ምልክቶቹ አዲስ ከሆኑና በወር ከ12 ቀን በላይ ከተመላለሱ፣ በተለይ ዕድሜዋ ከ50 ካለፈ፣ ሐኪም ኦቫሪዋንም (እንቁላል የሚያመርተውን የሴት አካል) ማየት አለበት። ቦርጭ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ፊትና ክንድ እየከሳ ሆድ ብቻ የሚያብጥ ከሆነ በዝምታ የሚታለፍ አይደለም።

የሆድ ስብን ሥራ ፈት አድርጎ ማየት። በግ ሲታረድ አንጀቱ ላይ እንደ መረብ ተዘርግቶ የምናየው ሞራ እኛም ሆድ ውስጥ አለ። የኦቫሪ ካንሰር ሲሰራጭ በብዛት የሚያርፈው እዚያ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት የሞራ ሴሎች ስባቸውን ለካንሰር ሴሎች እንደሚያቀብሉ፣ ካንሰሩም በዚያ ጉልበት እንደሚያድግ አሳይቷል። በዚያ ላይ የሆድ ስብ ሲበዛ ሰውነት ስኳርን ለሚቆጣጠረው ሆርሞን ለኢንሱሊን መታዘዝ ያቅተዋል። ለማካካስም ኢንሱሊን ያበዛል፤ የበዛ ኢንሱሊን ደግሞ ሴሎች እንዲባዙ ይገፋፋል። የወር አበባ ከቆመ በኋላ ስብ ኤስትሮጅን የሚባለውን የሴት ሆርሞንም ያመርታል።

ሚዛን ላይ ወጥቶ መገላገል። ኪሎ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ከ80 ሴንቲ ሜትር ያለፈ ወገብ፣ በባዶ ሆድ 100 (ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር) የደረሰ ስኳር፣ 130/85 የደረሰ ግፊት አንድ ላይ ይታዩ።

«ቀጭን ነኝ፣ አይነካኝም» ማለት። ይሄ አደገኛ መጽናኛ ነው። የውፍረት ድርሻ መጠነኛ ነው፤ በብዛት ከሚታየው የኦቫሪ ካንሰር ዓይነት ጋር ያለው ግንኙነትም ደካማ ነው። ብራካ 1 እና ብራካ 2 በሚባሉት ጂኖች ላይ የሚወረስ ለውጥ ከየትኛውም ቦርጭ ይበልጣል። በአባት በኩልም ይወረሳል። ስለዚህ የአባት እህት በጡት ወይም በኦቫሪ ካንሰር ታማ ከነበረ ለሐኪም ይነገር።

በማህፀን በር ምርመራ መተማመን። ፓፕ ስሚር ጥሩ ነው፣ አይቅር። ግን ኦቫሪን አያይም።

ሜትፎርሚን ለመከላከያ መዋጥ። የስኳር መድኃኒት ነው። ካንሰር ላይ ያለው ጥቅም ገና እየተጠና ነው፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከፋርማሲ ገዝተው አይጀምሩት።