በአቃቂ ወንዝ ብክለት ላይ ስምምነት ሲረቀቅ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ትንሹና ትልቁ አቃቂ የአዲስ አበባን ፍሳሽ ተሸክመው አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። በዚሁ ውሃ በከተማው ዳርና ከወሰኑ ወዲያ ጎመንና ሰላጣ ይለማል፣ ከብት ይጠጣል። አዲስ አበባና ኦሮሚያ ካልተስማሙ ችግሩ አይፈታም። ስምምነቱን ከንቱ የሚያደርጉት ግን ብዙውን ጊዜ እነዚህ ናቸው።

ሥልጣን የሌለውን ማስፈረም። ሁለቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች ብቻ ከፈረሙ ግዴታው ማንንም አይይዝም። የፍሳሽ መስመር የሚዘረጋው፣ ለፋብሪካ ፈቃድ የሚሰጠውና በጀት የሚመድበው ሌላ ነውና። እነዚህ አካላት፣ የሸገር ከተማ አስተዳደርም ጭምር፣ ከመጀመሪያው ረቂቅ ጀምሮ ይኑሩበት።

ፌዴራል መንግሥቱን መዝለል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51(11) መሠረት ክልሎችን የሚያስተሳስር ውሃ አጠቃቀምን የሚወስነው እሱ ነው። አዲስ አበባም ክልል አይደለችም፤ በአንቀጽ 49 ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ነው። የኦሮሚያ ልዩ ጥቅምም እዚያው ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ ተቀምጧል፤ በመግቢያው ላይ መጥቀስ ይበጃል። በአዋሽ ታች ያለው አፋርም የውሃ ምርመራው ውጤት ይድረሰው።

በሊትር ስንት ሚሊግራም እንዳለ ብቻ መለካት። ትልቁ ስህተት ይህ ነው፤ ክረምት ሲገባ ወንዙ የጸዳ ያስመስላል። በበጋ በሰከንድ 200 ሊትር የሚፈስ ውሃ በሊትር 50 ሚሊግራም ብክለት ቢይዝ፣ በቀን 864 ኪሎ ግራም ያልፋል። በክረምት ፍሰቱ 2,000 ሊትር ሆኖ መጠኑ ወደ 10 ሚሊግራም ቢወርድ 1,728 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ እጥፍ ማለት ነው። (ቁጥሮቹ ለስሌት ማሳያ ናቸው።) ስለዚህ ወሰኑ ላይ የፍሰት መለኪያ ይተከል፤ ገደቡም በቀን በኪሎ ግራም ጭምር ይጻፍ።

ናሙናን ለየብቻ መቅዳት። አንዱ ጠዋት፣ ሌላው ከሰዓት ከቀዳ ውጤቱ አይገጥምም፤ ክርክሩም አያልቅም። ከአንድ ባልዲ ለሦስት ይከፈል፤ ሦስተኛው ታሽጎ ለገለልተኛ ላቦራቶሪ ይሂድ። ለጠቅላላ ክሮሚየም (ከባድ ብረት ነው) የሚቀዳው ናሙና ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነት መለኪያው፣ ከ2 በታች እስኪወርድ ናይትሪክ አሲድ ይጨመርበታል፤ አለዚያ ክሮሚየሙ ጠርሙሱ ላይ ይለጠፋል። ለባዮሎጂያዊ ኦክስጅን ፍላጎት (ተሕዋስያን በውሃው ያለውን ቆሻሻ ሲያበሰብሱ የሚፈጁት ኦክስጅን ነው) የሚቀዳው ግን አሲድ አይነካውም፤ በበረዶ 4 ዲግሪ ላይ ይያዛል፤ ምርመራውም 5 ቀን ይፈጃል።

«በአስቸኳይ ያሳውቃል» ብሎ ማለፍ። ድንገተኛ ፍሳሽ ሲለቀቅ ማን፣ ለማን፣ በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚደውል ይጻፍ። ጥሪው ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትም ይድረስ፤ ገበሬው ፓምፑን የሚያጠፋው ያን ጊዜ ነው።