ፕሮፌሰር ለመሆን የሚያስብ ኢንኦርጋኒክ ኬሚስት ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኢንኦርጋኒክ ኬሚስትሪ በቀለም ያማልላል። ኮባልት ከአሞኒያና ከክሎሪን ጋር ሲጣመር አንዴ ብርቱካናማ፣ አንዴ ሐምራዊ፣ አንዴ አረንጓዴ ይሆናል። ብዙዎቻችንን ወደዚህ ሙያ የሳበን ይኸው ነው። ብዙ ስህተትም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

ዓይንን ማመን። በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) አንድ የሞሊብዲነም ውህድ በሁለት መልክ ተገኘ ተባለ፤ ሰማያዊና አረንጓዴ። ፎርሙላቸው አንድ ነው፣ ልዩነቱ በሞሊብዲነምና በኦክስጅን መካከል ያለው ቦንድ (የአተሞቹ ማያያዣ) ርዝመት ብቻ ነው ተባለ። የአተሞችን አቀማመጥ የሚያሳየው የክሪስታል ኤክስሬይም ይህንኑ አሳየ። ቲዎሪስቶች ማብራሪያ ጻፉለት። ሃያ ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የጄራርድ ፓርኪን ቡድን ነገሩን እንደገና ፈተሸው። አረንጓዴ የሚባል ውህድ የለም! ሰማያዊው ውስጥ ትንሽ ቢጫ ውህድ ገብቶበት ነው። በቢጫው ውስጥ በኦክስጅኑ ቦታ ክሎሪን ተቀምጧል፤ ኤክስሬዩ የሁለቱን አማካይ ስለሚያነብ ቦንዱ የረዘመ መሰለ። ሰማያዊና ቢጫ ሲደባለቁ አረንጓዴ እንደሚሆኑ ሕፃን ልጅም ያውቃል።

ኤክስሬይ የሚያየው እናንተ የመረጣችሁትን አንድ ቆንጆ ቅንጣት ነው። ፍላስኩ ውስጥ የቀረው ዱቄት ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከዱቄቱም ወስዳችሁ የካርቦን፣ የሃይድሮጅንና የናይትሮጅን መጠኑን አስለኩ። አሰልቺ ሥራ ነው፣ አውቃለሁ። እኔም በተማሪነቴ በኤን.ኤም.አር. (አተሞች በማግኔት ውስጥ የሚሰጡትን ምልክት በሚያነብ መሣሪያ) ላይ ከዜሮ ትንሽ ከፍ ብላ የወጣች ነጥብ አግኝቼ ለቀናት ስደሰት ነበር። ውህዱ ውስጥ ባለው ብረት (ሜታል) ላይ የተቀመጠ ሃይድሮጅን መስሎኝ! ለካስ የብርጭቆ ዕቃው መገጣጠሚያ ላይ የተቀባው የሲሊኮን ቅባት ነው።

ዳታው ትክክል ከሆነ ትርጉሙም ትክክል ነው ማለት። ዴንማርካዊው ዮርገንሰን በእጁ የተካነ ኬሚስት ነበር። የኮባልት ውህዶቹን ለይቶ ሠርቷል፣ መዝግቧል። ሲልቨር ናይትሬት (የተለቀቀ ክሎሪንን የሚይዝ ጨው) ሲጨመርባቸው ስድስት አሞኒያ ያለው ሦስቱንም ክሎሪን ይለቃል፣ አምስት ያለው ሁለት፣ አራት ያለው አንድ። ዮርገንሰን ይህን ያብራራው አሞኒያዎቹ እንደ ሰንሰለት ተያይዘዋል ብሎ ነው። በ1893 የ26 ዓመቱ አልፍሬድ ቬርነር መጣና ብረቱን፣ ማለትም ኮባልቱን፣ መሃል አስቀምጦ ስድስት ጎረቤት ሰጠው። ከዚያ ክበብ ውጭ ያለው ክሎሪን ይለቀቃል፣ ውስጥ ያለው አይለቀቅም። ቬርነር ክርክሩን ያቆመው በአብዛኛው በዮርገንሰን ዳታ ላይ ነው። የ1913 የኖቤል ሽልማት ግን ለቬርነር ሆነ። ለእኔ የዮርገንሰን ስህተት ስንፍና አይደለም፤ ለለመደው ሥዕል መታመኑ ነው።

«አይሆንም» የተባለውን አለመሞከር። ኬሚስቱ ኒል ባርትሌት ፕላቲነም ሄክሳፍሎራይድ ከኦክስጅን እንኳ ኤሌክትሮን እንደሚነጥቅ አየ። ከዜኖን ኤሌክትሮን ለመንጠቅ የሚያስፈልገው ኃይል ደግሞ ከኦክስጅኑ ጋር ተቀራራቢ ነው። በ1962 ሁለቱን አገናኛቸው፣ ዜኖንም ውህድ ሠራ። መማሪያ መጽሐፍ ሁሉ ግን ዜኖን ከምንም ጋር ውህድ አይሠራም ይል ነበር።

ፔርክሎሬትን መናቅ። ፔርክሎሬት ክሎሪንና ኦክስጅን ያለበት አዮን ነው፤ ክሪስታል ቶሎ ስለሚሰጥ ይወደዳል። ኦርጋኒክ ሊጋንድ (መሃል ያለውን ብረት ከብቦ የሚያያዝ ሞለኪውል) ካለበት ኮምፕሌክስ ጋር ሲሆን ግን፣ ደርቆ ማጣሪያው ላይ የተጣበቀውን በብረት ማንኪያ መፋቅ ብቻ ሊያፈነዳው ይችላል። በብዛት አትሥሩት፣ አታሙቁት፣ በብረት አትፋቁት። ከተቻለ በቴትራፍሎሮቦሬት ወይም በትሪፍሌት ተኩት። «እስከ ዛሬ ምንም አልሆነም» የሚል ሰው ላቦራቶሪ ውስጥ ካለ፣ ከእሱ ራቅ ብላችሁ ቁሙ።

ከአማካሪ ጥላ አለመውጣት። ዶክትሬቱን በአንድ ሊጋንድ ሠርቶ፣ የራሱን ላቦራቶሪ ሲከፍት ያንኑ ሊጋንድ ይዞ ብረቱን ብቻ የሚቀይር ብዙ ነው። ከኒኬል ወደ ኮባልት፣ ከኮባልት ወደ አይረን። ጽሑፍ ይወጣል፣ ቁጥርም ይሞላል። የቅጥር ኮሚቴው ግን «ይህ ሐሳብ የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ «ከድሮ ፕሮፌሰሬ ጋር ስንሠራ…» ብሎ ከጀመረ ቃለ መጠይቁ እዚያው አልቋል።