ከአዳማ ሆነው የቢሮ ኮምፒውተርዎን ሲከፍቱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዳማ እየኖሩ አዲስ አበባ ላለ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ብዙ ናቸው። ፈጣን መንገዱ ጉዞውን ቢያቀለውም በየቀኑ መመላለስ ጊዜም ገንዘብም ይበላል። እዚሁ ከተማ ውስጥም ቢሆን፣ ሰኔ 30 ሲቃረብ ፍራንኮ ካለው ቤቱ ሆኖ የቢሮውን ፒችትሪ የተባለ የሒሳብ ፕሮግራም በሌሊት መክፈት የሚፈልግ የሒሳብ ሠራተኛ አይጠፋም። ለዚህ ሁሉ ሪሞት ዴስክቶፕ አለ። ቤትዎ ቁጭ ብለው የቢሮውን ኮምፒውተር እፊቱ እንደተቀመጡ አድርገው ይሠሩበታል። እምቢ ያለ ቀን ግን ከሁሉም አፍ የሚወጣው አንድ ቃል ነው፦ «ኔትወርክ ነው።»

ኔትወርክ የሆነበት ጊዜ አለ። በየቢሮው ስጠራ የማገኘው ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ነው። ችግሩ ያለው እዚያው የቢሮው ኮምፒውተር ላይ ነው። ሰውዬው አርብ ማታ ከመውጣቱ በፊት ቢያየው ኖሮ በጥቂት ደቂቃ የሚያልቅ ነገር ቅዳሜና እሁዱን ይበላበታል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

የስህተት መልእክቱን ሳያነቡ መዝጋት

ሪሞት ዴስክቶፕ እምቢ ሲል የሚያወጣው መልእክት ሁሌም አንድ ዓይነት አይደለም። «ከኮምፒውተሩ ጋር መገናኘት አልተቻለም» የሚለው፣ ጥያቄዎ የቢሮው ኮምፒውተር ዘንድ አልደረሰም ወይም ኮምፒውተሩ አልመለሰም ማለት ነው። ጠፍቶ ይሆናል፣ ተኝቶ ይሆናል፣ አድራሻው ተቀይሮ ይሆናል፣ ሪሞት ዴስክቶፕ አልተፈቀደም ይሆናል። «የተጠቃሚ ስም ወይም ፓስዎርድ አልሠራም» የሚለው ግን መልካም ዜና ነው። በሩ ድረስ ደርሰዋል፤ የቀረዎት ትክክለኛው ቁልፍ ብቻ ነው። ይህን እያዩ ራውተር ማጥፋትና ማብራት ጊዜ ማባከን ነው። እኔ ሰው ሲደውልልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው የመልእክቱን ፎቶ ነው።

እዚያው ቢሮ ሳይሞክሩ መውጣት

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚይዙ ከሆነ ይህን ይያዙ። ከቢሮ ከመውጣትዎ በፊት፣ እዚያው ኔትወርክ ላይ ካለ የባልደረባዎ ኮምፒውተር ሆነው ወደ ራስዎ ኮምፒውተር በሪሞት ይግቡ። እዚያ ከሠራና ከቤት ካልሠራ፣ ችግሩ በቤትዎና በቢሮው መካከል ባለው መስመር ላይ ነው። እዚያም ካልሠራ ችግሩ ኮምፒውተሩ ላይ ነው፤ ከአዳማ ሆነው የፈለገውን ያህል ቢታገሉ አይፈቱትም። ይህች አንዲት ሙከራ የፍለጋውን ግማሽ ትቆርጣለች። ብዙዎች ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክሩት ሥራው አስቸኳይ በሆነበት ሌሊት ነው።

ኮምፒውተሩ እንደሚተኛ መርሳት

የተኛ ኮምፒውተር አይመልስም። ሴቲንግ ውስጥ ገብተው፣ ኤሌክትሪክ ላይ እንደተሰካ ጨርሶ ወደ ስሊፕ እንዳይገባ ያድርጉት። ስክሪኑ ቢጠፋ ችግር የለውም። ላፕቶፕ ከሆነ ክዳኑ ሲዘጋ ምን እንደሚያደርግም ይመልከቱ፤ አብዛኛው ክዳኑ ሲዘጋ እንዲተኛ ተደርጎ ነው የሚመጣው።

የእኛ አገር ትልቁ ጣጣ ግን መብራት ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ዴስክቶፑ እንደጠፋ ይቀራል። እሁድ ዕለት ለጥበቃው ይደወላል፤ «አባባ፣ እባክዎ ያቺን ማብሪያ አንዴ ይጫኑልኝ» ይባላል። የክፍሉ ቁልፍ ደግሞ እሳቸው ዘንድ የለም። አብዛኞቹ ዴስክቶፖች ለዚህ መላ አላቸው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ባዮስ ውስጥ (ዊንዶውስ ከመጀመሩ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ ገጽ) ገብተው፣ ኃይል ሲመለስ ራሱ እንዲነሳ የሚያዘውን ምርጫ ያብሩት። ላፕቶፖች ላይ ይህ ምርጫ ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ ባትሪያቸው ግን ለአጭር መቋረጥ ይበቃል። ራውተሩንም አይርሱት። ኮምፒውተሩ በዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ ኃይል በሚሰጠው ባትሪ) እየሠራ ራውተሩ ከጠፋ ያው ነው። ራውተር የሚወስደው ኃይል ትንሽ ስለሆነ እዚያው ዩፒኤስ ላይ ቢሰኩት ብዙም አይከብደውም።

ዊንዶውስ ሆም ላይ መድከም

የዊንዶውስ ሆም እትም በሪሞት ዴስክቶፕ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ይገባል፤ ራሱ ግን ሌላውን አያስገባም። የቢሮው ኮምፒውተር ፕሮ፣ ኢንተርፕራይዝ ወይም ኤዱኬሽን መሆን አለበት። የቤቱ ሆም ቢሆን ግድ የለም። ሴቲንግ ውስጥ ስለ ኮምፒውተሩ የሚገልጸው ገጽ እትሙን ይነግርዎታል። ሆም ከሆነ ሌላ ነገር ከመነካካትዎ በፊት እትሙን ያሳድጉ ወይም እንደ ኤኒዴስክ ያለ ሌላ ፕሮግራም ይጠቀሙ። ኤኒዴስክና ቲምቪወር በነፃ የሚሰጡት ለግል አገልግሎት መሆኑን ግን ይወቁ፤ ለመሥሪያ ቤት ሥራ ፈቃድ ይገዛል።

ፒን ቁጥሩን እንደ ፓስዎርድ መጻፍ

ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተርዎን የሚከፍቱባት አጭር ፒን እዚያው ማሽኑ ላይ ብቻ ነው የምትሠራው። ሪሞት ዴስክቶፕ አይቀበላትም፤ የሚፈልገው የአካውንቱን ፓስዎርድ ነው። ብዙ ሰው በፒን ከመልመዱ የተነሳ ፓስዎርዱን ረስቶታል። በማይክሮሶፍት አካውንት የሚገቡ ከሆነ፣ ቢሮ ሳሉ ኮምፒውተሩን ቆልፈው አንድ ጊዜ በፓስዎርዱ ይክፈቱት። ፓስዎርድ የሌለው አካውንትም አይገባም፤ ዊንዶውስ ሆን ብሎ ይከለክለዋል፤ ደግም አደረገ።

የውስጡን አድራሻ ከቤት መጻፍ

ቢሮ ሳሉ የሠራው አይፒ አድራሻ (ኮምፒውተሩ ኔትወርክ ላይ የሚታወቅበት ቁጥር) በ192.168 ወይም በ10 የሚጀምር ከሆነ፣ የቢሮው የውስጥ አድራሻ ነው። ከቤት ሲጽፉት የሚፈለገው የራስዎ ቤት ውስጥ ነው። በቪፒኤን፣ ማለትም ከቤት ወደ ቢሮው ኔትወርክ በሚያስገባ የተመሰጠረ መስመር፣ ገብተውም ይህ ችግር ሊከተልዎ ይችላል። የቤትዎና የቢሮው ራውተር ሁለቱም 192.168.1 የሚለውን ክልል ከተጠቀሙ፣ ኮምፒውተርዎ የቱ ጋ እንደሚሄድ ግራ ይገባዋል። የቤቱን ራውተር ለምሳሌ ወደ 192.168.50 ቢቀይሩት ይፈታል። ሌላው ደግሞ መብራት ሄዶ ራውተሩ እንደገና ሲነሳ ለኮምፒውተሩ አዲስ አድራሻ ሊሰጠው መቻሉ ነው። ለቢሮው ኮምፒውተር የማይቀያየር አድራሻ ራውተሩ ላይ ያስይዙለት።

ፖርት 3389ን ለዓለም ሁሉ መክፈት

ሁሉም ስህተቶች ጊዜ ይበላሉ፤ ይህኛው ግን መሥሪያ ቤት ሊዘጋ ይችላል። ፖርት ማለት ፕሮግራሞች በኔትወርክ የሚገናኙበት ባለ ቁጥር በር ነው፤ ሪሞት ዴስክቶፕ የሚጠቀመው ፖርት 3389ን ነው። አንዳንዱ ባለሙያ «ቀላል ነው» ብሎ ራውተሩ ላይ ይህን ፖርት በቀጥታ ወደ ቢሮው ኮምፒውተር ይከፍተዋል። ይሠራልም። ችግሩ ከእርስዎ ሌላ ለሁሉም መሥራቱ ነው። ኢንተርኔት ላይ የተከፈተ ፖርት እየፈለጉ ሌት ተቀን የሚዞሩ ፕሮግራሞች አሉ። ሲያገኙ ፓስዎርድ መገመት ይጀምራሉ። ከገቡ በኋላ ፋይሉን በሙሉ ቆልፈው ገንዘብ ይጠይቃሉ። የዓመቱ ሒሳብ፣ የደመወዝ መዝገቡ፣ ሁሉም እዚያ ነው ያለው።

ጠንካራ ፓስዎርድም ብቻውን አያድንም። እ.ኤ.አ. በ2019 ብሉኪፕ የተባለ ክፍተት ሪሞት ዴስክቶፕ ላይ ሲገኝ፣ አጥቂው ፓስዎርድ እንኳ ሳያስፈልገው መግባት ይችል ነበር። ማይክሮሶፍት ነገሩ ከማስፈራቱ የተነሳ ድጋፉን ካቆመለት ከቆየው ከዊንዶውስ ኤክስፒ ጀምሮ ማስተካከያ አውጥቷል። ፖርቱን ወደ ሌላ ቁጥር መቀየርም መደበቅ አይደለም፤ ፈላጊዎቹ ሌሎቹን ቁጥሮችም ይፈትሻሉ።

ትክክለኛው መንገድ መጀመሪያ በቪፒኤን ወደ ቢሮው ኔትወርክ ገብቶ፣ ከዚያ ሪሞት ዴስክቶፑን መክፈት ነው። ዋየርጋርድና ኦፕንቪፒኤን የታወቁ ናቸው። የቢሮው ራውተር የያዘው የውጭ አድራሻ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ክልል ከሆነ፣ የኢንተርኔት አቅራቢው አንዱን የውጭ አድራሻ ለብዙ ደንበኞች አጋርቶታል ማለት ነው። ያኔ ፖርት ቢከፍቱም አይሠራም። ቴልስኬልን የመሰሉ የቪፒኤን አገልግሎቶች ግን እዚያም ይሠራሉ። የትኛውንም ከመጫንዎ በፊት አለቃዎንና የአይቲ ክፍሉን ያስፈቅዱ፤ መረጃው የመሥሪያ ቤቱ ነው።

ቢሮው አሁንም ዊንዶውስ 10 ላይ ከሆነ፣ መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። በሪሞት የሚገባበት ማሽን አፕዴት የማያገኝ መሆን የለበትም።

ፋየርዎልን ማጥፋት

ፋየርዎል ያልተፈቀደ ግንኙነትን የሚያግድ መከላከያ ነው፤ አያጥፉት። የተፈቀዱ ፕሮግራሞች ዝርዝር ውስጥ ሪሞት ዴስክቶፕ ምልክት እንዳለበት ይዩ፣ በቃ። ለብቻው የተጫነ አንቲቫይረስ ካለ የራሱ ፋየርዎል ሊኖረው ስለሚችል እሱንም ይመልከቱ።

ሲንቀረፈፍ ዝም ብሎ መታገስ

መስመሩ ደካማ ከሆነ ከመገናኘትዎ በፊት የሪሞት ዴስክቶፑን ምርጫዎች ይክፈቱ። የስክሪኑን መጠን ቀንሱ፣ ቀለሙን 16 ቢት ያድርጉ፣ የጀርባ ሥዕሉን ያጥፉ። ለሒሳብ ሥራ ቀለም ምን ያደርጋል? ቤት ውስጥ ሌላው ሰው ቪዲዮ እያወረደ ከሆነም ለጊዜው እንዲያቆም ይለምኑት።

ሲጨርሱ ኮምፒውተሩን ማጥፋት

ሌሊት ድካም ሲመጣ እጅ የለመደውን ያደርጋል። የሚያጠፉት ግን የቤቱን ሳይሆን የቢሮውን ማሽን ነው፤ እስኪነጋ የሚያበራው የለም። መስኮቱን ከላይ ባለው ኤክስ ሲዘጉት ግንኙነቱ ብቻ ይቋረጣል፤ የከፈቱት ሥራ ባለበት ይቆያል። ሳይን አውት ካሉ (ከአካውንትዎ ከወጡ) ፕሮግራሞቹ ይዘጋሉ፤ ፒችትሪን ብዙ ሰው በጋራ የሚጠቀምበት ቢሮ ከሆነ ፕሮግራሙን በወጉ ዘግቶ መውጣቱ ይሻላል። ዊንዶውስ ፕሮ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያሠራው። ጠዋት ባልደረባዎ ኮምፒውተሩ ላይ ከገባ እርስዎ ይወጣሉ፤ እርስዎ ከገቡም ስክሪኑ እሱ ላይ ይቆለፋል። ስለዚህ ከመግባትዎ በፊት «ማሽኑ ላይ ሰው አለ?» ብለው በቴሌግራም ይጠይቁ።