ለፓርቲ አመራር የሚወዳደሩ ተራማጅ እንደራሴዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት የሚገኙ ዲሞክራቶች መሪዎቻቸውንና የኮሚቴ ኃላፊዎቻቸውን የሚመርጡት ኮከስ በሚሉት የውስጥ ስብሰባ፣ በር ዘግተው፣ በምስጢር ድምፅ ነው። መራጮቹ ከሁለት እስከ ሦስት መቶ የሚሆኑ የሥራ ባልደረቦች ብቻ ናቸው። ተራማጅ የሚባለው የፓርቲው ክንፍ ጎበዝ ጎበዝ እጩዎቹን ወደዚያ አዳራሽ ልኮ ደጋግሞ በሽንፈት የተመለሰው፣ በእኔ ግምት፣ በአቋሙ ምክንያት ብቻ ሳይሆን ይህን ጠባብ የምርጫ ክልል እንደ ሕዝብ ምርጫ በመቁጠሩም ጭምር ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ስህተት ዝናን እንደ ድምፅ መቁጠር ነው። በዲሴምበር 2024 ጄሚ ራስኪን ወደ ፍትሕ ኮሚቴ ለመዛወር ሲነሡ፣ የመንግሥት ሥራን የሚመረምረው የቁጥጥር ኮሚቴ የዲሞክራቶች መሪነት ክፍት ሆነ። ለቦታው የቀረቡት በመላ አገሪቱ ስማቸው የገነነው የ35 ዓመቷ አሌክሳንድሪያ ኦካሲዮ-ኮርቴዝ እና ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሰሜን ቨርጂኒያ የፌርፋክስን አካባቢ የሚወክሉት የ74 ዓመቱ ጄሪ ኮኖሊ ነበሩ። ኮኖሊ የምግብ ቧንቧ ካንሰር እንደያዛቸው ያስታወቁት ገና ከጥቂት ሳምንታት በፊት ነበር። ያም ሆኖ የፓርቲው አስመራጭ ኮሚቴ 34 ለ27 ደገፋቸው፤ በማግስቱ ኮከሱ በ131 ለ84 ድምፅ መረጣቸው። ኮኖሊ በ2022 ለዚሁ ቦታ ተወዳድረው በራስኪን ተሸንፈው ስለነበር፣ ብዙዎቹ ባልደረቦቻቸው ጥያቄውን የሰሙት ለመጀመሪያ ጊዜ አልነበረም። ተፎካካሪያቸው ግን ጥቂት ሳምንታት እንኳ አልነበራቸውም፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ።

ሁለተኛው ስህተት ድምፅ የሚጠየቀው ሰው የራሱ ወንበር እንዳለው መርሳት ነው። ኦካሲዮ-ኮርቴዝ ወደ ምክር ቤቱ የገቡት በጁን 2018 በፓርቲው አመራር ውስጥ ከፍተኛ ቦታ የነበራቸውን ጆ ክራውሊን በቅድመ ምርጫ አሸንፈው ነው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር፣ ገና ቃለ መሐላ ሳይፈጽሙ፣ ወጣት የአየር ንብረት ተቆርቋሪዎች በወቅቱ በምክር ቤቱ የዲሞክራቶች መሪ በነበሩት በናንሲ ፔሎሲ ቢሮ ተቀምጠው ተቃውሞ ሲያሰሙ ተገኝተው አበረታቱ። ቀጥሎም በሥልጣን ላይ ያሉትን ዳን ሊፒንስኪንና ሄንሪ ኩዌላርን ከገዛ ፓርቲያቸው የሚገዳደሩ እጩዎችን ደገፉ። ይህ ከመርህ አንጻር ትክክል ሊሆን ይችላል፤ እኔም አልነቅፈውም። ነገር ግን ዛሬ ድምፅ የሚለመነው እንደራሴ «ነገ በእኔ ላይስ ማንን ያስነሣሉ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በምስጢር ድምፅ ደግሞ መልሱን ለማንም ማስረዳት አይጠበቅበትም። በ2024 ፔሎሲ ለኮኖሊ ድጋፍ ሲያሰባስቡ እንደነበር በሰፊው መዘገቡም የዚህ ሒሳብ አካል ነው።

ሦስተኛው፣ እጅግ የተለመደው ስህተት፣ የተገባን ቃል እንደ ተሰጠ ድምፅ መዝገብ ላይ ማስፈር ነው። «ጥሩ እጩ ነዎት»፣ «ለፓርቲው የሚያስፈልገን እንደርስዎ ያለ ሰው ነው»፣ «አስብበታለሁ» የሚሉት አባባሎች በሙሉ ጨዋነት ያለባቸው እምቢታዎች ናቸው። መቆጠር ያለበት ሰውየው በራሱ አንደበት «እርስዎን እመርጣለሁ» ያለው ብቻ ሲሆን፣ ከዚያም ላይ ጥቂቱን መቀነስ ያስፈልጋል፤ በአንድ ራስ ሁለት ምላስ ያለው ሰው ይህንኑ ቃል ለተፎካካሪውም አልሰጠም ማለት አይቻልምና። የአሪዞናው ሞሪስ ዩዳል ይህን በሚገባ ቀምሰውታል። በ1969 የ77 ዓመቱን አፈ ጉባኤ ጆን ማኮርማክን ፊት ለፊት ተጋፍጠው 178 ለ58 ተሸነፉ። በጃንዋሪ 1971 ለብዙኃኑ መሪነት (ብዙ ወንበር ባለው ፓርቲ ውስጥ ከአፈ ጉባኤው ቀጥሎ ያለው ቦታ ነው) ሲቀርቡም ሄል ቦግስ 140 ለ88 አሸነፏቸው። ዩዳል ከዚያ በኋላ የቅጽል ስማቸው ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ «ሞ»፣ የተጻፈበትን የምርጫ ዓርማ ደረታቸው ላይ ገልብጠው ሰኩት፤ ሲገለበጥ «ኦው» ተብሎ ይነበባል፣ ፈረንጅ ሲያመው የሚያሰማው ድምፅ ነው። የካሊፎርኒያዋ ተራማጅ እንደራሴ ባርባራ ሊ ደግሞ በ2016 ለኮከሱ ምክትል ሰብሳቢነት 98 ለ96፣ በ2018 ለሰብሳቢነት 123 ለ113 ተሸንፈዋል። በሁለት ድምፅ ለተሸነፈ ሰው እያንዳንዷ ያልተጣራች «እሺ» ስንት እንደምታወጣ መናገር አያስፈልግም።

አራተኛው ስህተት የመጀመሪያውን ዙር ብቻ ማስላት ነው። በዚህ ረገድ ዲሴምበር 6 ቀን 1976 የተካሄደውን የብዙኃኑ መሪ ምርጫ የሚስተካከል ትምህርት አላውቅም። የሳን ፍራንሲስኮው ፊሊፕ በርተን ሳንባቸው በከሰል አቧራ ለተጎዳ ማዕድን ቆፋሪዎች ካሳ ያስገኙ ብርቱ ተራማጅ ነበሩ፤ በድምፅ ቆጠራ ችሎታቸውም የታወቁ ነበሩ። በየዙሩ ዝቅተኛ ድምፅ ያገኘው እጩ ይወጣል። በመጀመሪያው ዙር በርተን 106፣ ሪቻርድ ቦሊንግ 81፣ የቴክሳሱ ጂም ራይት 77፣ ጆን ማክፎል 31 አገኙ። ማክፎል ሲወጡ በሁለተኛው ዙር በርተን 107፣ ራይት 95፣ ቦሊንግ 93 ሆኑ። በሦስተኛው ራይት 148፣ በርተን 147።

ቁጥሮቹን ጠጋ ብሎ ላየ ሰው ነገሩ ከሦስተኛው ዙር በፊት አልቆ ነበር። ማክፎል እንደ በርተን የካሊፎርኒያ ሰው ሆነው ሳለ፣ እሳቸው ከወጡ በኋላ ነጻ ከሆነው 31 ድምፅ የበርተን ቁጥር የጨመረው በአንድ ብቻ ነው። በርተን በስድብና በቁጣ ያስቀየሟቸው ሰዎች ብዙ ስለነበሩ፣ በመጀመሪያው ዙር ያልመረጣቸው ሰው በኋላም የሚመርጣቸው አልነበረም። የበርተን ሰዎች የሚፈሩትን ቦሊንግን ለማስወጣት በሁለተኛው ዙር ጥቂት ድምፅ ሆን ብለው ለራይት ሰጥተዋል የሚል ጥርጣሬም ዛሬ ድረስ ይነሣል፤ እውነት ከሆነ መጨረሻ ላይ የጣላቸውን ሰው ራሳቸው አሻገሩት ማለት ነው። እንግዲህ እጩው ባልደረቦቹን «ይመርጡኛል?» ከማለት አልፎ «የሚመርጡት ሰው ቢወጣስ ቀጥለው ማንን ይመርጣሉ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ራይት በ1987 አፈ ጉባኤ ሆኑ፤ በርተን በ1983 አርፈው ነበር።

የበርተንን ወንበር ባለቤታቸው ሳላ በርተን ወረሱ፤ እሳቸውም በ1987 መጀመሪያ ሲያርፉ በምትክ ምርጫ የገቡት ናንሲ ፔሎሲ ናቸው። ፔሎሲ ለፓርቲው ተጠሪነት (በእኛ ምክር ቤት የመንግሥት ተጠሪ ከሚባለው ጋር የሚቀራረብ ሥራ ነው) ሲነሡ ቦታው ገና ክፍት አልነበረም። ከሁለት ዓመት በላይ እያንዳንዱን አባል በግል እያነጋገሩ፣ ለባልደረቦቻቸው የምርጫ ዘመቻ ገንዘብ እያሰባሰቡ ቆይተው፣ በኦክቶበር 2001 ስቴኒ ሆየርን 118 ለ95 አሸነፉ። ልዩነቱ 23 ድምፅ ነው።

የመጨረሻው ስህተት ከሽንፈት በኋላ የሚመጣ ነው፤ የትናንትን ቆጠራ የዛሬም አድርጎ ማየት። በ2025 የኮኖሊ ሕመም ጠንቶ ቦታው እንደገና ሲከፈት፣ ኦካሲዮ-ኮርቴዝ በኮከሱ ውስጥ ለአገልግሎት ዘመን የሚሰጠው ክብደት በበቂ ሁኔታ አልተለወጠም በሚል ሳይወዳደሩ ቀሩ። ኮኖሊ በሜይ አረፉ። በጁን 24 ቀን ኮከሱ ከ2001 ጀምሮ በምክር ቤቱ ያገለገሉትን ስቲቨን ሊንችን ትቶ፣ ገና ሁለተኛ ዘመናቸውን የጀመሩትን የ47 ዓመቱን ሮበርት ጋርሲያን 150 ለ63 መረጠ።