ፎቶሾፕ የባነር ፋይል «ሴቭ አላደርግም» ሲል ምን ይደረጋል?

የምረቃ ዋዜማ ነበር። 6 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ ባነር ጨርሼ፣ ማተሚያ ቤቱ ሳይዘጋ ልድረስ ስል ፎቶሾፕ ስራዬን በፒኤስዲ፣ በራሱ በፎቶሾፕ የተለመደ የፋይል ዓይነት፣ ለማስቀመጥ እምቢ አለ። ፋይሉ የከበደ መስሎኝ አንድ ሰዓት ሙሉ ሌየር (ስራው የተደራረበበትን ንብርብር) ሳጠፋ ቆየሁ። ምንም ለውጥ የለም። ችግሩ ስራውን ስጀምር የሞላሁት የሪዞሉሽን ቁጥር (በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ፒክስል፣ ማለትም የምስል ነጥብ፣ እንደሚገባ) ላይ ነበር። እናንተ እንደዚያ እንዳትንገላቱ የተማርኩትን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

ከሁሉ በፊት ስራውን አትርፉት። «ሴቭ አዝ» ውስጥ ገብታችሁ ከፎርማቶቹ ዝርዝር «ላርጅ ዶክዩመንት ፎርማት» የሚለውን ምረጡ። ፒኤስቢ የሚባለው እሱ ነው። ሌየሩን፣ ማስኩን (የሌየሩን ክፍል የሚሸፍነውን) ሁሉንም እንዳለ ይይዛል። በአንድ ጎን እስከ 300,000 ፒክስል ይቀበላል። ፒኤስዲ ግን 30,000 ላይ ይቆማል፤ ከ2 ጊጋባይት በላይ ፋይልም አይወጣውም። አሁን መብራት ቢጠፋም ስራችሁ አለ።

ቀጥሎ የትኛው ገደብ እንደያዛችሁ እዩ። ገደቡ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ በፒክስል ብዛት፣ ሌላው በፋይሉ ክብደት። እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ሌየር ማጥፋት ክብደት ይቀንሳል እንጂ የምስሉን ርዝመትና ስፋት አይነካም። ጄፔግን ውሰዱ። በአንድ ጎን ከ65,535 ፒክስል አያልፍም፤ ምክንያቱም ልኩን የሚጽፍበት ቦታ 16 ቢት ብቻ ነው፣ በ16 ቢት የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር ደግሞ ያው 65,535 ነው። ቲፍ የሚባለው ሌላው የምስል ፎርማት በ32 ቢት ስለሚቆጥር 4 ጊጋባይት ላይ ያበቃል። ስለዚህ ራም ብትጨምሩም፣ አዲስ ኮምፒውተር ብትገዙም ገደቡ አይነቃነቅም።

አሁን ሒሳቡን እንስራ። 6 ሜትር ወደ 236 ኢንች ነው። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ፒክስል) ሲባዛ 70,866 ፒክስል ይመጣል። ቁመቱ 35,433 ይሆናል። ጄፔግንም ፒኤስዲንም አለፈ ማለት ነው። በሲኤምዋይኬ (በአራቱ የህትመት ቀለሞች) አንድ ሙሉ ሌየር ብቻውን፣ ሳይጨመቅ፣ 10 ጊጋባይት ገደማ ይመዝናል! ያው ባነር በ72 ዲፒአይ ሲሰራ ግን 17,008 በ8,504 ፒክስል ነው። ክብደቱም ወደ 580 ሜጋባይት ይወርዳል።

«ጥራቱስ?» ትሉኝ ይሆናል። 300 ዲፒአይ በእጅ ይዘን ለምናነበው መጽሔትና ቢዝነስ ካርድ የሚሆን ቁጥር ነው። በ72 ዲፒአይ አንዷ ፒክስል 0.35 ሚሊሜትር ናት። ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ርቆ የሚያይ ጤናማ ዓይን ነጥቧን ለይቶ አያያትም። ባነር ደግሞ ከዚያም ርቆ ነው የሚታየው። ሰዎች አጠገቡ ቆመው ፎቶ የሚነሱበት ከሆነ 100 አድርጉት፤ ከዚያ በላይ ለባነር ብክነት ነው ባይ ነኝ።

ለመቀነስ የፒኤስቢውን ኮፒ ክፈቱ። «ኢሜጅ ሳይዝ» ውስጥ «ሪሳምፕል» የሚለው ላይ ምልክት መኖሩን አረጋግጡ፤ ከዚያ ሪዞሉሽኑን ከ300 ወደ 72 አውርዱ። ምልክቱ ከሌለ ፒክስሉ ሳይቀንስ የባነሩ ሜትር ብቻ ይለጠጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ስፋቱ 600 ሴንቲሜትር እንደሆነ መቆየቱን ደግማችሁ እዩ። ከዚያ ሌየሩን ወደ አንድ አዋህዱና በጄፔግ፣ ወይም በኤልዜድደብሊው (ጥራት ሳይቀንስ በሚጨምቀው ዘዴ) በተጨመቀ ቲፍ አውጡት።

ማተሚያ ቤቱ ፒዲኤፍ ከጠየቀ ሌላ ግድግዳ አለ። የተለመደው የፒዲኤፍ ገጽ በአንድ ጎን 200 ኢንች፣ ማለትም 5 ሜትር ከ8 ሴንቲሜትር ላይ ያበቃል። የእኛ ባነር አይገባም። መፍትሔው በአንድ አስረኛ ልክ መስራት ነው። 60 በ30 ሴንቲሜትር፣ በ720 ዲፒአይ። ፒክስሉ ያው 17,008 በ8,504 ነው፤ ያጠረው ወረቀቱ ብቻ ነው። የፋይሉ ስም ላይ «10 እጥፍ ይታተም» ብላችሁ ጻፉ፣ በአፍም ንገሯቸው።

ጽሑፉን ቢቻል ኢለስትሬተር በሚባለው የስዕል ፕሮግራም ላይ ጻፉት። ያ ፊደል በፒክስል ስለማይቆጠር የቱንም ያህል ቢያድግ ጠርዙ አይሻክርም። ስትጨርሱ «ክሪኤት አውትላይንስ» በሉት፤ ፊደሉን ፎንት ወደማያስፈልገው ቅርጽ ይለውጠዋል። ያለዚያ የአማርኛ ፎንታችሁ ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ከሌለ ፊደሉ ሁሉ ሳጥን ሆኖ ሊመጣ ይችላል።

የቀረው ፍላሹ ነው። 32 ጊጋ ባዶ ቦታ እያለው «ፋይሉ ትልቅ ነው» ካለ ፍላሹ የተዘጋጀው በፋት32፣ በቆየ የፋይል አቀማመጥ ስርዓት፣ ሊሆን ይችላል። ፋት32 4 ጊጋባይት የሞላ አንድ ፋይል አይቀበልም። ውስጡ ያለውን ወደ ኮምፒውተር ገልብጡ፣ ከዚያ ፎርማት ስታደርጉ ኤክስፋት የሚባለውን አዲሱን ስርዓት ምረጡ። ፎርማት ሁሉንም ስለሚያጠፋ ግልበጣውን አትዝለሉት።

ማተሚያ ቤት ስትደርሱ ፋይሉን እነሱ ኮምፒውተር ላይ አስከፍቱ። ልኩን በሜትር፣ የአማርኛውን ጽሑፍ ደግሞ ፊደል በፊደል አይታችሁ ነው ክፍያ የምትፈጽሙት።