ዱላችሁን መሀል ላይ ጣሉት፦ ሺኒ ለሚጀምር ሀበሻ

ካናዳ በገባሁበት የመጀመሪያ ክረምት በረዶውን ያየሁት በመስኮት ነው። ኤድመንተን ውስጥ ከምኖርበት ሕንፃ ማዶ የሰፈሩ የበረዶ ሜዳ አለ። ማታ መብራቱ ይበራል፣ ሰዎች ቦርሳ ተሸክመው ይመጣሉ፣ ኳ ኳ ሲል ያመሻል፣ ከዚያ ይበተናሉ። ዳኛ የለ፣ አሰልጣኝ የለ፣ ውጤት የሚመዘግብ የለ። ይሄማ የኛ ሰፈር ኳስ ነው አልኩ። በሁለተኛው ክረምት ዱላ ገዝቼ ወጣሁ።

ጨዋታው ሺኒ ይባላል። ቡድን ሳይኖር፣ ማንም ብድግ ብሎ የሚቀላቀለው ሆኪ ማለት ነው። ለኛ ሰው ማስረዳት አይከብድም፤ የገና ጨዋታ ነው በቃ። ጫፉ የቆለመመ ዱላ፣ በሩር ፈንታ ፐክ የሚሉት 170 ግራም ገደማ የሚመዝን ጠፍጣፋ ጎማ፣ በሣሩ ፈንታ በረዶ። ሰሞኑም ይገጥማል። እኛ ታኅሣሥ 29 ገናን ስናከብር እዚህ ሜዳው ጠንክሮ ሺኒ የሚደራበት ጊዜ ነው።

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እንል የለ? እዚህም አይቆጡም። ችግሩም እሱ ነው። ስታጠፉ የሚጮህባችሁ የለም። ፈገግ ብለው «ኖ ዎሪስ» ይሏችኋል። በሚቀጥለው ሳምንት ግን የግሩፑ መልእክት እናንተ ጋ አይደርስም። እኔ ላይ ደርሷል። ምን እንዳጠፋሁ የገባኝ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ እነሱ በጨዋነት ዝም የሚሉትን እኔ ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ ስለ ዕቃ። ጫማው ስኬት ነው የሚባለው፤ እዚህ አገር ስኬት እግር ላይ ይታሰራል እያልን እንቀልዳለን። አዲስ ስኬት ከሱቅ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ብረቱ ስለት የለውም። እኔ ይሄን ሳላውቅ ከካርቶን አውጥቼ በቀጥታ በረዶ ላይ ቆምኩ። ቆምኩ ማለት እንኳ ይከብዳል። ግማሽ ሰዓት ሙሉ እግሬ ወደ ጎን እየሸሸ አጥሩን አቅፌ ዋልኩ፣ ጥፋቱ የኔ መስሎኝ። አንድ ልጅ መጥቶ ጓንቱን አወለቀ፣ ብረቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰና «ይሄ እኮ አልተሞረደም» አለኝ። ስለዚህ ስትገዙ እዚያው አስሞርዱት። ቁጥሩ ደግሞ ከመደበኛ ጫማችሁ በአንድ ወይም በአንድ ተኩል ያነሰ ነው የሚሆነው፤ ለወፍራም ካልሲ ብላችሁ ትልቅ ብትገዙ ቁርጭምጭሚታችሁ ይታጠፋል። ብረቱን አድርጋችሁ ሲሚንቶ ላይ እንዳትሄዱ፣ ጎማ የተነጠፈበትን ብቻ ርገጡ።

ሁሉንም አዲስ መግዛት አያስፈልግም። ኪጂጂ በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ፣ ቫልዩ ቪሌጅ ውስጥ፣ ፕሌይ ኢት አጌን ስፖርትስ የሚባሉት ሱቆች ውስጥ ያገለገለ ሞልቷል። ሄልሜት ላይ ግን አትቆጥቡ። የሲኤስኤ (የካናዳ ደረጃ መዳቢ ድርጅት) ምልክት ያለበትና ያልተሰነጠቀ ይሁን። ዱላው ስኬት አድርጋችሁ ስትቆሙ አገጫችሁ ጋ ቢደርስ ይበቃል። የአንገት መከላከያም ግዙ። በ2023 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) እንግሊዝ ውስጥ አንድ ፕሮፌሽናል ተጫዋች በስኬት ብረት አንገቱን ተቆርጦ ከሞተ ወዲህ ድሮ የሚስቁበት ሰዎች ሁሉ ያደርጉታል።

ቦታው የት ነው? ኤድመንተን ውስጥ የሰፈር ሜዳዎቹን የሚያስተዳድሩት ኮሚኒቲ ሊግ የሚባሉ የነዋሪዎች ማኅበራት ናቸው። የመጀመሪያው በ1917 ነው የተቋቋመው፤ ዛሬ ከ150 በላይ አሉ። ዕድራችን በሉት። ዓመታዊ መዋጮ ትከፍላላችሁ፣ ስኬታችሁ ላይ የምታስሩት ምልክት ይሰጣችኋል። ብዙ ቦታ ማታ በጎማ ቱቦ ውሃ እያፈሰሱ በረዶውን የሚሠሩት ደመወዝተኞች አይደሉም፣ ጎረቤቶቻችሁ ናቸው። ገና ያልደረቀ በረዶ ላይ ወጥታችሁ ቦይ ብታወጡበት የአንድ ሰውዬ የሌሊት ልፋት ነው ያበላሻችሁት። ቶሮንቶ ያላችሁ ደግሞ ከተማው ራሱ ነው የሚያስተዳድረው፤ ሺኒው በዕድሜ ተከፋፍሎ ሰዓት ስላለው መርሐ ግብሩን ሳታዩ አትውጡ። የትም ሁኑ የት፣ የቤተሰብ መንሸራተቻ ሰዓት ላይ ዱላ ይዞ መግባት ነውር ነው። እዚያ ሕፃናት ወንበር እየገፉ ነው የሚለማመዱት።

አሁን ወደ ዋናው። አካፋ።

በረዶ ከጣለ መጀመሪያ የደረሰ ይጠርጋል። አጥሩ ላይ የተደገፉት ሰፋፊ አካፋዎች ለሁሉም ናቸው። እኔ ከግሩፑ የወጣሁት በዚህ ይመስለኛል። ሰዎቹ ሲጠርጉ እኔ ማሞቂያው ክፍል ተቀምጬ ስኬቴን ቀስ ብዬ አስር ነበር። ሦስት ሳምንት በተከታታይ፣ ልክ ተጠርጎ ሲያልቅ ብቅ። ቃል የተናገረ ሰው አልነበረም። አንድ ሽማግሌ ብቻ አንድ ቀን አካፋውን ሲያስቀምጥ ቆየት ብሎ አየኝ። እኔም ፈገግ አልኩለት! ዛሬ ሳስበው ላብ ያጠምቀኛል። አሁን ስኬቴን ሳላስር፣ በቦቲ ጫማዬ ቀድሜ ሄጄ ነው የምጠርገው። ለመተዋወቅም እንደ አካፋ ያለ የለም።

ቡድን አወጣጡ ደስ ይላል። ሁሉም ዱላውን መሀል ሜዳ ላይ ይጥላል። አንዱ ተንበርክኮ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ያወርድና ዱላዎቹን ሁለት ሁለት እያነሳ አንዱን ወደ ግራ አንዱን ወደ ቀኝ ይወረውራል። ዱላችሁ የሄደበት ቡድናችሁ ነው። እንደኛ ሰፈር ሁለት ጉልቤ ቆሞ «እሱን ወስጃለሁ» እያለ መጨረሻ የቀረው ልጅ አንገቱን የሚደፋበት ነገር የለም። ይሄን ብቻ እንኳ አገር ቤት መላክ ነበረብን። ግን ደንብ አለው፤ ዱላችሁ ወደተወረወረበት ትሄዳላችሁ፣ ከጓደኛዬ ጋር ካልሆንኩ ብሎ መቀየር የለም። ውጤቱ አምስት ለዜሮ ሲሆን ሰዎች ራሳቸው አንድ ሁለት ሰው ያዘዋውራሉ፣ ወይም ዱላው እንደገና ይጣላል።

ሜዳ ውስጥ ያለው ትልቁ ሕግ ፐኳን አለማንሳት ነው። ብዙ ሰው የእግር መከላከያ ሳያደርግ ነው የሚመጣው። ዱላችሁን ከወገብ በላይ አንስታችሁ ስላፕ ሾት የሚባለውን አትምቱ። እኔ አንዴ መትቼ የአንድ ሰው ቅልጥም ላይ አሳረፍኩት። ቷ! የሚለው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሰውዬው አጎንብሶ ቅልጥሙን እያሻሸ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ሶሪ»። መትቼው እሱ ይቅርታ ጠየቀኝ! ይሄን ይቅርታ አትመኑት። ትርጉሙ «ሁለተኛ እንዳትደግማት» ነው።

በትከሻ መግጨት የለም። በዱላ እግር መጥለፍም የለም፤ ሳታስቡት ከሆነ ቁሙና ሰውየውን አንሱት። ፐኳ ከአጥር ውጭ ከወጣች የመታት ሰው ይፈልጋታል። እስከ ጉልበት በሚደርስ በረዶ ውስጥ በስኬት መዳከር ማለት ነው፣ ግን የመታት ይሄዳል። ልጆች ካሉ ቀለል አድርጉ። የአሥር ዓመት ልጅ ፐክ ይዞ ሲመጣ ዱላችሁን ዘርግታችሁ የምትጥሩ ምሰሉ፣ ከዚያ አሳልፉት። ለደካማውም አቀብሉ። እኔ መቆም በማልችልበት ጊዜ እንኳ ያቀብሉኝ ነበር፤ አሥር ጊዜ ጠፍታብኝ አሥራ አንደኛውን ሰጥተውኛል።

ከሚያናድዱት አንዱ ጎል ስር የሚያደባው ነው። እነሱ ቼሪ ፒከር ይሉታል፣ እኔ «ደጅ ጠኚ» ነው የምለው። ሺኒ ላይ ኦፍሳይድ ስለማይነፋ ተቃራኒ ጎል አጠገብ ቆሞ ፐኳን ይጠብቃል፣ ወደ ኋላ ተመልሶ አይከላከልም። ሌላው ሁሉንም የሚያሠለጥነው ነው። የገባ ቀን ጀምሮ «አንተ ሰፋ በል፣ አንቺ ጭንቅላትሽን ቀና አድርጊ» ሲል ይውላል። አንዱ ደግሞ አለ፣ የከተማችን ፕሮፌሽናል ቡድን ኦይለርስ ሊያስፈርመው የመጣ ይመስል በእያንዳንዱ ጎል እጁን ዘርግቶ የሚንሸራተት። ፐኳን ይዞ የማይለቀው በየትኛውም አገር አለ፣ እሱን እለፉት።

በረኛን አክብሩ። ሙሉ የበረኛ ዕቃ ያለው ሰው እንደልብ አይገኝም፣ ውድም ነው፣ ለዚህ ነው በብዙ የቤት ውስጥ ጨዋታ በረኛ በነፃ የሚገባው። ሲያሟሙቅ ወደ ጭንቅላቱ አትምቱ። ያዝኩ ካለ በዱላ አትኮርኩሩት። በረኛ ከሌለ ደግሞ ሁለት ቦቲ ጎል ይሆናል፣ ወይም መረቡ በግንባሩ ይደፋና ቋሚውን መምታት ነው የሚቆጠረው። ከሩቅ መምታት አይፈቀድም፣ ቀረብ ብሎ ማስገባት ነው።

የቤት ውስጡ ሜዳ ትንሽ ይለያል፣ ምክንያቱም አንድ ሰው በስሙ ተከራይቶታል። እመጣለሁ ብላችሁ ከቀራችሁ የናንተን ድርሻ እሱ ነው ከኪሱ የሚሸፍነው። ገንዘቡን ሳትጠየቁ በኢ-ትራንስፈር፣ ማለትም ከባንክ ወደ ባንክ በኢንተርኔት፣ ላኩ። መምጣት ካልቻላችሁ በዋዜማው ንገሩት። የሀበሻ ሰዓት የሚባለውን ነገር ደግሞ እባካችሁ በሩ ላይ ጣሉት። ለአራት ሰዓት ተብሎ አራት ሰዓት ላይ መድረስ እዚህ ማርፈድ ነው፤ ዕቃውን ለመልበስ ብቻ ሃያ ደቂቃ ይሄዳል። ሰዓቱ ሲያልቅ የበረዶ ማለስለሻው መኪና፣ ዛምቦኒ፣ በሩ ላይ ይቆማል፣ እናንተ ጎል ልታገቡ ስለሆነ ብሎ የሚጠብቅ ሹፌር የለም። ስትገቡም መኪናው ወጥቶ በሩ ሳይዘጋ እግራችሁን እንዳታሳርፉ።

ቅያሪ ላይ ሰው ይታማል። አንዴ ከገባችሁ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው። ትንፋሽ ሲያጥራችሁ ሳይሆን ከዚያ በፊት ውጡ። ሦስት ደቂቃ ቆይቶ የሚወጣ ሰው ቤንቹ ላይ ያሉት እርስ በርስ እንዲተያዩ ያደርጋል። የምትተኩት ሰው አጥሩ ጋ ሳይደርስም ዘላችሁ አትግቡ።

አንድ ነገር ልጨምር። ብቻችሁን ጥቁር የምትሆኑበት ቀን ይኖራል። «በረዶ ስታይ የመጀመሪያህ ነው?» የሚል ሰው አይጠፋም። ብዙውን ጊዜ ወሬ ፍለጋ ነው፣ ሲደጋገም ግን ይሰለቻል። እኔ ስለ ዊሊ ኦሪ እነግራቸዋለሁ። ፍሬድሪክተን የተወለደ ካናዳዊ ነው፤ ጥር 1958 ለቦስተን ብሩይንስ ተሰልፎ በኤንኤችኤል፣ በሰሜን አሜሪካ ትልቁ የሆኪ ሊግ፣ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆነ፣ ያውም ቀኝ ዓይኑ እምብዛም ሳያይ። ከሱ በፊት ደግሞ በ1895 ሃሊፋክስ አካባቢ የጥቁሮች ሆኪ ሊግ ነበር። ኤንኤችኤል ራሱ የተመሠረተው በ1917 ነው። ግማሾቹ አያውቁትም ነበር፤ ከሰሙ በኋላ ወሬው ወደዚያ ይሄዳል።

ከጨዋታ በኋላ መልበሻ ክፍል ውስጥ ቢራ ይዞራል። የነቢያት ጾም ሆኪ ከሚደራበት ሰሞን ጋር ስለሚገጥም ምን ልበል ብላችሁ አትጨነቁ፣ አልጠጣም ካላችሁ ማንም አይጎተጉታችሁም። ተራችሁ ሲደርስ አንድ ካርቶን ማምጣት ግን አትርሱ። የሚጠጣውን ባትጠጡትም። እኔ አንዴ ዳቦ ቆሎ ይዤ ሄጄ ቢራው ተረስቶ ነበር።

ብርዱን አትናቁ። ከነፋሱ ጋር የሚሰማው ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 28 ከደረሰ የተጋለጠ ቆዳ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ በብርዱ ሊጎዳ ይችላል። ጉንጫችሁ ማቃጠሉን ትቶ ከደነዘዘ ግቡ። ላብ ያራሰው ልብስ ለብሳችሁ አውቶቡስ አትጠብቁ፣ መቀየሪያ ካናቴራ ያዙ።

የመጨረሻው ችግር ቤት ውስጥ ነው። የሆኪ ቦርሳ ይሸታል። ይሸታል ስል እንደ ካልሲ እንዳይመስላችሁ። አንድ እሑድ ቦርሳዬን ሳልከፍት ኮሪደር ላይ ጥዬ ተኛሁ። ባለቤቴ ቡና እየቆላች ነበር፣ ጭሱን ወደ እንግዶቹ ስታዞር አክስቴ ወደ ጓዳ እያዩ «ልጄ፣ የሞተ ነገር አለ እንዴ?» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገና በር ላይ ሳለሁ ጓንቱን እገለብጣለሁ፣ የስኬቱን ውስጥ ሶል አወጣለሁ፣ ሁሉንም ልብስ ማስጫው ላይ ዘርግቼ ማራገቢያ እለቅበታለሁ። ቦርሳው ራሱ ግን በረንዳ ላይ ነው የሚያድረው።